ያልታጠበው ናሙና

ከወንጂ መንገድ ዳር፣ ከላስቲኩ ቤት ስር፣
ሁንዴ በፌስታል ቋጥሮ ያመጣው አፈር
ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ እርጥብ ነበር።
ከላዩ ነጭ ወጥቶበት፣ እንደ ደረቀ ላብ
በጥቁር ሸሚዝ ጀርባ ላይ እንደሚነበብ።

«ሦስት ዓመቱ ነው» አለኝ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣
«ዝናብ አያውቅም ይሄ መሬት፣ ከላስቲክ ስር ተደብቆ።
ማዳበሪያ ሲጠጣ ኖረ፣ በቱቦ፣ በጠብታ፣
አሁን የቲማቲሙ ቅጠል ከጠርዙ ይነዳል፣ ጠዋትና ማታ።
ምን አለው? ምን ጎደለው? ንገሪኝ በቁጥር።
የኔ ምላስ ጨዉን ብቻ ነው የሚያውቅ» አለና
በጣቱ ቆንጥሮ ቀመሰ፣ ከአፈር።

መዘንኩ። አምስት ግራም። የደረቀ፣ የተነፋ።
ሥራው እንዲህ ነው፦ ሸክላ እጅ አለው፣ ይይዛል፤
ካልሲየሙን፣ ፖታሲየሙን፣ ሥር ሲለምነው ይለቃል።
አሞኒየም እናፈስበትና ወንበር እናስለቅቃለን፣
የተነሣውን በነበልባል እንቆጥራለን።
ሶዲየም ሲነድ ቢጫ ነው፣ የመንገድ ፋኖስ መሳይ፤
ፖታሲየም ሐምራዊ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ቆቃ ላይ።

ያን ቀን መብራት ሁለቴ ሄደ። ወረፋው ሠላሳ ናሙና።
ማጠቢያው አልኮል አልቋል፣ ግዢው «በሂደት ላይ» ነውና።
«ጨዋማ ከሆነ አስቀድመሽ እጠቢው» ያለችኝ እጥፍወርቅ
ጆሮዬ ውስጥ ነበረች። ሰማኋት። አለፍኩ።

«ፖታሲየም፦ እጅግ ከፍተኛ። አይጨመር።»
ፈረምኩ። ማኅተም መታሁ፤ ክብ፣ ሰማያዊ፣ የማያፍር።
«ጨዉ በውሃ ይታጠብ» ብዬም ከሥሩ ጨመርኩ በእስክሪብቶ።
ሁንዴ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፣ ከመታወቂያው አስጠግቶ።

ታዘዘ። ሰው ወረቀት ያምናል።
የአዋሽን ውሃ በፓምፕ ስቦ አራት ሌሊት አጠጣ፣
ነጩ ከላይ ጠፋ፤ ጨዉ ሰመጠ፣ በቦዩ ወጣ።
ፖታሲየም አልገዛም። ሞልቷል ብዬው የለም?

በሁለተኛው ወር መጣ፤ ፌስታሉ ውስጥ አፈር የለም።
ቲማቲም ነው። ሆዱ ቀይ፣ ትከሻው ቢጫ፣
እንደ ግማሽ እውነት የበሰለ።
«ነጋዴው መለሰብኝ» አለ።
ሌላ አልጨመረም። ወንበር ሳልሰጠው ቁጭ አለ።

የፊተኛውን አፈር ትራፊ ከመደርደሪያ አወረድኩ፣
አልኮል ከፋርማሲ፣ በኪሴ ገዛሁ።
አጠብኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣
ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ሳደርግበት
ውሃው መደፍረሱን እስኪተው።
ያኔ ነው ሸክላውን የጠየቅኩት፦ አሁንስ ማን ቀረ?
ሐምራዊውን ፍለጋ ነበልባሉ ተንቀጠቀጠ፤ መርፌው ብዙም አልተነሣ።
ቢጫው ግን ውስጥ ድረስ ገብቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ነበረ።

የሠርግ ድንኳን አይቶ የቤተሰቡን ቁጥር እንደሚገምት ሞኝ፣
ደጅ የቆመውን ሁሉ ቆጥሬ፣
የውሃ ላይ ኩበቱን ቤተኛ ብዬ ጽፌ።
ውሃ በላው እንላለን፣ ለጠፋ ነገር ሁሉ፤
የሁንዴን ግን እውነትም ውሃ በላው፣ በኔ ፊርማ፣ በሙሉ።

አዲስ ወረቀት ሠራሁ፣ ባለ ሁለት ዓምድ፦
አንዱ ከሸክላው ጋር የሚቀር፣ አንዱ ከውሃ ጋር የሚሄድ።
ጂፕሰም ይግባ፤ ፖታሲየም ይመለስ፣ በትንሽ በትንሹ።
በባጃጅ ወሰድኩለት። ላስቲኩ ስር ሙቀቱ ያፍናል፣
ጋዋኔ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ።
አነበበ፣ በጣቱ እየተከተለ። አሮጌውን ከደረት ኪሱ አወጣ፤
ይቀደዋል ብዬ ጠበቅኩ። ሁለቱን ደራርቦ አጠፈና መለሳቸው።
«ሁለቱም ያንቺ ፊርማ ነው» አለ፤ ውሃ ሊከፍት ወጣ።

ስመለስ የአዳማ ነፋስ አቧራውን አነሣ፣
ከንፈሬ ላይ ጨው ነበር።
የመሬቱ ይሁን የኔ፣
ሳላጥብ አልናገርም።